አስተማሪ ወይስ አስተርጓሚ? የቦሌ ኩባንያዎችና የቋንቋ ታሪካቸው

ቦሌ አካባቢ ቢሮ ያለው የማንኛውንም ኩባንያ የሥራ ማስታወቂያ ብታነቡ ታች አካባቢ አንዲት መስመር አታጡም፤ «እንግሊዝኛ በንግግርም በጽሑፍም አቀላጥፎ የሚችል/የምትችል»። የሚጠየቀው ዲግሪ ይለያያል፣ የሥራ ልምዱ ይለያያል፣ ያቺ መስመር ግን ንቅንቅ አትልም። ከጊዜ በኋላ ደግሞ «ቻይንኛ የሚችል ቅድሚያ ይሰጠዋል» የምትል ታናሽ እህት አግኝታለች።

እኛ ይህችን መስመር በቃላችን ይዘናታል። አብዛኞቻችን ሥራ ፈላጊ ሆነን አንብበናታል፣ አንዳንዶቻችንም አሁን ድረስ እያነበብናት ነው። ልብ ብላችሁ ካያችኋት ግን መስመሯ «ቋንቋውን ይዘህ ና» ትላለች እንጂ «እኛ እናስተምርሃለን» አትልም። እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይነሳል። ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ቋንቋ የማን ዕዳ ነው? የሠራተኛው ወይስ የኩባንያው?

ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ ብንሄድ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ እናገኛለን። ታሪኩን ስናገላብጠው ሁለት ዓይነት ኩባንያ ታየን። አንደኛው ሠራተኛውን ቋንቋ የሚያስተምር ነው። ሁለተኛው በአለቃና በሠራተኛ መሐል አስተርጓሚ አቁሞ ሥራውን የሚቀጥል። የኛ ክርክር ባጭሩ፣ የመጀመሪያው ውሎ አድሮ ወንበሩን ለአገሬው ሰው ለቅቋል፤ ሁለተኛው ግን ከወንበሩ አልተነሳም የሚል ነው። እስቲ ከሥር እንጀምረው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

በመጀመሪያ ፈረንሳይኛ ነበረ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ለማሠራት በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበርና ቋንቋውም አብሮ ገባ። ዛሬ ታክሲ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው፤ ላ ጋር፣ ባቡር ጣቢያው።

ባቡሩ ብቻውን አልነበረም። በ1905 ውል የተፈረመለት የአቢሲኒያ ባንክ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ልጅ ነበር፤ ሥራውን የሚመሩትም ከውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1908 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራንን ይዞ የውጭ ቋንቋዎችን ያስተምር ጀመር። መንግሥት ያኔ የገባው አንድ ነገር ነበር፤ ከውጭ የመጣን ባንክ፣ ባቡርና ኤምባሲ ቋንቋውን ሳይችሉ መቆጣጠር አይቻልም። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የተማረ ሰው የሚባለው በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የተማረው ነበር። በ1960 የወጣው የንግድ ሕጋችን እንኳን መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነው። በ2021 በአዲስ ሕግ እስኪተካ ድረስ አክሲዮን ማኅበር ምን እንደሆነ ይነግረን የነበረው ሕግ ራሱ በትርጉም መጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጣልያንኛ መጣ። እሱ የገባው በትምህርት ቤት በር ሳይሆን በጋራዥ በር ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ... ዛሬ ማንም መካኒክ እነዚህን ቃላት ሲጠራ ጣልያንኛ እየተናገረ መሆኑን አያስበውም። እጅ ሲሠራ ጆሮ የሚለቅመው ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ያለ መምህር ይያዛል፣ ለዘላለም አይለቅም። ግን ወሰን አለው። በካቻቪቴ ብሎን ይፈታል እንጂ ውል አይፈረምበትም። የጋራዥ ጣልያንኛ የሚችለው ሰው ሞተሩን ያውቀዋል፣ የሞተሩን መጽሐፍ ግን አያነበውም።

ይህ ልዩነት ለቀሪው ታሪካችን ቁልፍ ነውና ያዙልን። ትእዛዝ የሚሰማ ቋንቋ አለ፤ ጥያቄ የሚጠይቅ ቋንቋ ደግሞ አለ። ኩባንያዎች የመጀመሪያውን ሳያስቡት ያስተምራሉ። ሁለተኛው ካላሰቡበት አይመጣም።

ከልደታ ወደ ቦሌ

ከነፃነት በኋላ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አጋደለ። በ1943 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮተቤ ላይ ተከፈተ፤ የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጆች ልትኮሩበት ትችላላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር።

በዚያው ዘመን፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1945፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ.ደብሊው.ኤ ጋር ውል ፈረመ። ዲሴምበር 21 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። የባንዲራው ቀለም የኛ ነበር፤ አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ግን አሜሪካዊ። የበረራ መመሪያው፣ የጥገና መጽሐፉ፣ የሬዲዮ ንግግሩ፣ ደብዳቤው ሁሉ በእንግሊዝኛ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ከባቡሩ የሚለየው። በአየር መንገዱ ውል ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ዳር ላይ የተጻፈ ማስታወሻ አልነበረም። ስምምነቱ በታደሰ ቁጥር ግቡ ጎልቶ መጣ፤ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን የሚሠራና የሚመራ አየር መንገድ ነበር። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። በ1962 የቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ አልበቃቸውምና ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ማሠልጠኛዎች በ1960ዎቹ እዚሁ ቆሙ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ።

ከ1946 እስከ 1971፣ 25 ዓመት። «እንግሊዝኛ አስተምሮ ብቻ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ገንዘብም፣ የመንግሥት ፍላጎትም፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ፖለቲካም ነበረበት። ነገር ግን ነገሩን ከሠራተኛው በኩል እዩት። ለአንድ ወጣት መካኒክ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን «ያንን ብሎን አጥብቅ» ሲባል የሚያጠብቅ ሰው ይሆን ነበር። መጽሐፉን እንዲያነብ ሲደረግ ግን ብሎኑ ለምን እንደሚጠብቅ አወቀ። ለምን እንደሆነ ያወቀ ሰው ደግሞ አንድ ቀን አለቃ ይሆናል።

ጉድለቱንም እንናገር። ይህ መሰላል የታችኛው እርከን ከኩባንያው ውጭ ነበር። ማሠልጠኛው ደጃፍ ለመድረስ መጀመሪያ ኮተቤን ወይም ዊንጌትን የመሰለ ትምህርት ቤት ማለፍ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ያንን ያገኘ የገጠር ልጅ ስንት ነው? ኩባንያው ያሳደገው የተማረውን ነው፤ ያልተማረውን አይደለም።

መሐል ላይ ያለው ሰው

አቪዬሽን ቋንቋን እንዲህ አክብዶ የሚይዘው ሰው ስለሞተበት ነው። ሦስት አደጋዎችን እናንሳ።

ማርች 27 ቀን 1977፣ ተነሪፍ ደሴት። በጉም በተሸፈነ ሜዳ ላይ የኬ.ኤል.ኤም እና የፓን አም 747ዎች ተጋጩ፤ 583 ሰው ሞተ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከኬ.ኤል.ኤሙ አውሮፕላን የተላለፈች አንዲት አሻሚ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ነበረች። ተናጋሪው «እየተነሳን ነው» ለማለት ነበር፤ ተቆጣጣሪው የሰማው ግን «ለመነሳት ተዘጋጅተን ቆመናል» የሚል ነው።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1990፣ ኒውዮርክ። ከኮሎምቢያ የመጣው የአቪያንካ በረራ 52 በአየር ንብረትና በመጨናነቅ ምክንያት ሰማይ ላይ እየዞረ ሲጠብቅ ነዳጁ አለቀ። ካፒቴኑ እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር ከምድር ጋር የሚነጋገረው ረዳት አብራሪው ነው። ካፒቴኑ በስፓኒሽ «አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው» ይለዋል። ረዳቱ በእንግሊዝኛ ያስተላለፈው «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ብቻ ነበር። ለተቆጣጣሪው ይህ ተራ ወሬ ነው፤ «ኢመርጀንሲ» የምትለዋ ቃል አልተነገረችም። አውሮፕላኑ ወደቀ፤ 73 ሰው ሞተ።

ኖቬምበር 12 ቀን 1996፣ ህንድ፣ ቻርኪ ዳድሪ። የሳዑዲና የካዛኪስታን አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰው አለቀ። የካዛኪስታኑ አብራሪዎች ከምድር ጋር የሚነጋገሩት በሬዲዮ ኦፕሬተራቸው በኩል ነበር።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አስተያዩአቸው። ሁለቱም ጋ የሚወስነው ሰውና የሚናገረው ሰው የተለያዩ ናቸው። መሐል ላይ አንድ ሰው አለ። መሐል ላይ ያለው ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ትንሽ ቢፈራ፣ ትንሽ ቢያሳጥር፣ አንዲት ቃል ቢያለሰልስ ይበቃል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2003 ደንብ አወጣ። በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራ አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በስድስት ነገር ይመዘናል፤ በአነጋገር፣ በሰዋስው፣ በቃላት፣ በቅልጥፍና፣ በመረዳትና በመመላለስ። ከስድስቱ ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛውን ማግኘት አለበት። ደንቡ ከማርች 2008 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ያልደረሱ አገሮች እስከ 2011 ጊዜ ተሰጣቸው። 4ኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ እንዲፈተን ይመከራል። ቋንቋ ካልተሠራበት ይዝጋልና።

ሌላም አለ። የአውሮፕላን ሠሪዎች በ1980ዎቹ «ተጠቃሚው ይማር» ከማለት አልፈው የራሳቸውን እንግሊዝኛ አቀለሉት። ለጥገና መጻሕፍት የወጣው ቀላል ቴክኒካል እንግሊዝኛ በተቻለ መጠን አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው ያደርጋል፤ የሥራ ትእዛዝ የያዘ ዐረፍተ ነገርም ከ20 ቃል እንዳይበልጥ ይከለክላል። ትልቅ ትምህርት ነው። የቋንቋ ችሎታ ማሳደግ ማለት ሠራተኛውን ብቻ ማስተማር አይደለም፤ ኩባንያውም ለመደመጥ የሚመች አነጋገር መማር አለበት።

ቻይንኛ ሲመጣ

በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀለበት መንገዱ ሥራ ሲጀመር ቦሌና መገናኛ አዲስ ድምፅ ሰሙ። ሥራውን የያዘው ቻይና ሮድ ኤንድ ብሪጅ ኮርፖሬሽን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን እስከ ቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ማስፋፊያ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች በ2015 ሥራ ከጀመረው ቀላል ባቡር እስከ ጅቡቲው አዲስ ሐዲድ ድረስ የምሥራቁ የከተማችን ክፍል የቻይና ኩባንያዎች ደጅ ሆነ።

ይህ ግንኙነት ከቀደሙት የሚለይበት ነገር አለው። አሜሪካዊው የራሱን ቋንቋ ይዞ መጣ፤ ፈረንሳዊውም እንዲሁ። ቻይናዊው ፎርማንና ኢትዮጵያዊው የቀን ሠራተኛ ግን ሁለቱም የራሳቸው ባልሆነ ሦስተኛ ቋንቋ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። የተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ጥቂት አማርኛ፣ ጥቂት ቻይንኛ፣ ቀሪው በእጅ። ሚሪያም ድሪሰን የተባሉ አንትሮፖሎጂስት በኢትዮጵያ የመንገድ ሥራዎች ላይ ረጅም ጊዜ ቆይተው ይህን የግንባታ ቦታ ቋንቋ አጥንተዋል፤ በ2020 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው የኛ ሠራተኞች ቋንቋውን ትእዛዝ ለመቀበል ብቻ ሳይሆን በአለቆቻቸው ለመቀለድና ሥልጣናቸውን ለመሸርሸርም ተጠቅመውበታል። አገሬው መቼም በቅኔ አይታማም!

ቀልድ ግን ደሞዝ አይጨምርም። ይህ ቋንቋ ከጋራዡ ጣልያንኛ ጋር አንድ ነው፤ አካፋ ያስነሳል፣ ውል አያስነብብም። ከባድ ጉዳይ ሲመጣ፣ ማለትም ጉዳት፣ የሰዓት ሒሳብ፣ ቅጣት፣ ስንብት ሲመጣ፣ አስተርጓሚው ይጠራል።

አስተርጓሚውን አንውቀሰው። ብዙ ጊዜ የኛው እኩያ ነው፤ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ገብቶ ወይም ቻይና ተምሮ የመጣ ወጣት። ደሞዙን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፣ ምሳ የሚበላው ከሠራተኛው ጋር ነው። አለቃው ሲሳደብ ስድቡን ይተርጉመው ወይስ ያለሳልሰው? ሠራተኛው ሲያማርር ምሬቱን እንዳለ ያቅርበው ወይስ «ትንሽ ቅር ብሎታል» ይበል? የአቪያንካው ረዳት አብራሪ ያለበት ወንበር ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚወድቀው አውሮፕላን አይደለም፤ አንድ ሰው ነው፣ ዜናም አይሆን።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ገጽ እንየው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በጃንዋሪ 2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር በቻይና ኩባንያዎች እንዲተዳደር የስድስት ዓመት ውል ነበረው፤ በ2024 አስተዳደሩ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ተላልፏል። የቆዳ ጫማ አምራቹ ኋጂየን ዱከም ላይ ፋብሪካ ከመክፈቱ በፊት በ2011 ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ቻይና ወስዶ አሠልጥኗል። የቻይና ኩባንያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለታችን አይደለም። ወሳኙ የባለቤቱ ዜግነት ሳይሆን፣ ሥልጠና በውሉ ውስጥ መጻፉና የሚያልቅበት ቀን መቆረጡ ነው።

ቦሌ ለሚ፣ አራት ፎቅ ትርጉም

ከጎሮ አለፍ ብሎ የሚገኘው ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2014 ሥራ ሲጀምር የሕንድ፣ የኮሪያ፣ የታይዋን ኩባንያዎች ገቡበት። ሺንትስ ከኮሪያ፣ ጄይ ጄይና አርቪንድ ከሕንድ፣ ጆርጅ ሹ ከታይዋን። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከክልል የመጡ።

አንድ ትእዛዝ በስፌት መስመሩ ላይ እንዴት እንደሚወርድ እንከተለው። ኮሪያዊው ወይም ሕንዳዊው ሥራ አስኪያጅ በራሱ ቋንቋ ያስባል። በእንግሊዝኛ ለሱፐርቫይዘሯ ይናገራል። ሱፐርቫይዘሯ በአማርኛ ለመስመሩ ትናገራለች። ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛውን ወደ ቤቷ ቋንቋ መልሳ ትረዳዋለች። አራት ፎቅ ነው። «ታርጌት» የምትለዋ ቃል አራቱንም ፎቅ ሳትተረጎም ትወርዳለች፤ በፍጥነት የሚገባው እሱ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ነገር ግን፣ «ማሽኑ ያቃጥለኛል»፣ «አሞኛል»፣ «የዚህ ወር ሒሳቤ ጎድሏል» የሚለው፣ በየደረጃው ላይ እየቀለለ ሄዶ አንዳንዴም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቀራል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትላለች ልጅቱ። ከዚያ አንድ ቀን ሳትሰናበት ትቀራለች። አሠሪዎቹ ሠራተኛ አይበረክትልንም ብለው ሲያማርሩ ደሞዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን ይዘረዝራሉ፤ እውነት ነው፣ ሁሉም አለበት። ቋንቋ ግን ዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ሰው ሊያስረዳው ባልቻለ ነገር ላይ አይደራደርም፤ ጥሎ ይሄዳል እንጂ።

በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ አሠሪው ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደጋ ተገቢው መመሪያ እንዲሰጣቸውና እንዲያውቁት የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። እንግዲህ እንጠይቅ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኬሚካል ማስጠንቀቂያ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ኩባንያ ሠራተኛዋን አሳውቋታል ወይስ ግድግዳውን?

ጃፓኖች ሲሞክሩት

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ራኩተን የተባለው የጃፓን የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ ኃላፊ ሂሮሺ ሚኪታኒ በ2010 አንድ ቀን ተነስተው የኩባንያው የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው አሉ። ቶኪዮ ላይ፣ ጃፓናዊ ከጃፓናዊ ጋር፣ በእንግሊዝኛ! ሁለት ዓመት ተሰጠ። መጀመሪያ ላይ መማሩ ለሠራተኛው ለራሱ የተተወ ነበር፤ በራስህ ጊዜ፣ በራስህ ገንዘብ። አልሆነም። ኩባንያው ተመልሶ ትምህርቱን በነፃ ማቅረብና አለቆችንም ለሠራተኞቻቸው መማር ተጠያቂ ማድረግ ግድ ሆነበት። ይህን ለዓመታት ያጠኑት የሀርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ፕሮፌሰር ፀዳል ኒሊ እንደሚሉት፣ ጃፓናውያኑ በገዛ አገራቸው ለቋንቋው እንግዳ ሆኑ።

በገዛ አገር ለቋንቋው እንግዳ መሆን! ቦሌ ቢሮ ውስጥ በስብሰባ ላይ ሐሳቡ እያለው፣ ዐረፍተ ነገሩን በልቡ ሲያስተካክል ርዕሱ ያለፈበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ተራው የኛ ሲሆን

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «ፈረንጅ በደለን» ብለን እንዘጋው ነበር። ግን ቦሌ ውስጥ አሁን የተገለበጠ ነገር አለ። የቲ.ደብሊው.ኤ ተማሪ የነበረው አየር መንገድ ራሱ ሌሎች አገሮች ገብቷል። ከ2010 ጀምሮ ከሎሜ፣ ቶጎ የሚበረው አስካይ ውስጥ ባለድርሻና አጋር ነው፤ በ2014 መብረር በጀመረው የማላዊ አየር መንገድ ደግሞ 49 በመቶ ድርሻ ይዟል። ሎሜ ላይ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። ማለትም አንድ ቶጎዋዊ መካኒክ አንድ ኢትዮጵያዊ አለቃ ፊት ቆሞ ምሬቱን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያቀርብ የሚያስብበት ዘመን መጥቷል። በ1946 እኛ የቆምንበት ቦታ ነው።

ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ ሲጀምር የደንበኞች አገልግሎቱን በአምስት ቋንቋዎች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ፣ አድርጎ ነው የመጣው። ለምን? ገበያው ስለጠየቀ። ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው ሲም ካርድ አይገዛም። ከዚህ የምንማረው፣ ኩባንያዎች የብዙ ቋንቋ ሥራ አይከብዳቸውም፤ ለሚገዛቸው ሰው ሲሆን ወዲያው ይቻላል። ለሚሠራላቸው ሰው ሲሆን ነው «በጀት የለም» የሚባለው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ከመቶ ዓመቱ ታሪክ እኛ የያዝነው ይህን ነው። ባቡሩ ቃላት ተወልን፣ ጋራዡ ቃላት ተወልን፣ አየር መንገዱ ግን ሰው ተወልን። ልዩነቱን የፈጠረው የአሜሪካኖቹ ደግነት አልነበረም። ማስተማሩ ውል ውስጥ ስለተጻፈ፣ ማሠልጠኛ ስለተሠራለትና ከኛ ወገን የሚከታተል ሰው ስለነበረ ነው። የኢንቨስትመንት ሕጎቻችንም ባለሀብቱ ያመጣቸውን የውጭ ባለሙያዎች አሠልጥኖ በኢትዮጵያውያን እንዲተካ ይላሉ። ቋንቋ ያልተካተተበት ሥልጠና ግን አለቃን አይተካም፤ ጥሩ ታዛዥ ያወጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ኢንተርቪው «ጥያቄ አለህ?» ሲሏችሁ፣ አለን በሉ። ኩባንያው ሠራተኞቹን ቋንቋ ያስተምራል ወይ፣ በሥራ ሰዓት ነው ወይስ በእሑድ? የሥራ ውሉና የደኅንነት መመሪያው በማን ቋንቋ ነው የተጻፈው? ከውጭ የመጣው አለቃስ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ እንዲማር ይጠበቅበታል ወይ? የምትቀጥሩ ከሆናችሁ ደግሞ፣ አንዳንዶቻችሁ አሁን ኤች.አር ገብታችኋልና፣ ያቺን የማስታወቂያ መስመር ስትጽፉ ከሥሯ አንዲት መስመር ጨምሩልን፤ «ለሚያስፈልገው እናስተምራለን» የምትል።

አባቶቻችን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለዋል። ቦሌ ለሚ ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው እህታችን ደጃዝማችነት አልፈለገችም። የጎደለው የወር ሒሳቧ እንዲታይላት ነው፤ ለዚያም ቢሆን አራት ፎቅ ሳትወጣ የምትናገርበት ቋንቋ ያስፈልጋታል።